«76 በ55» የሚል የቨርጂኒያ ቲኬት፦ ከፍሎ መገላገል ይቻላል ወይስ ፍርድ ቤት መቅረብ ግድ ነው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። ባለፈው ሳምንት 495 አውራ ጎዳና ላይ ስቴት ትሩፐር (የስቴቱ ፖሊስ) አስቆመኝና 55 በሆነ መንገድ 76 ነድተሃል ብሎ ቲኬት ሰጠኝ። ወረቀቱ ላይ 46.2-862 የሚል ቁጥር አለ። ጓደኞቼ በኢንተርኔት ከፍለህ ተገላገል ይሉኛል፤ ድረ ገጹ ላይ ግን የሚከፈል ነገር አጣሁ። የምተዳደረው በኡበር ነው። ከዚህ በፊት ቲኬት አግኝቶኝ አያውቅም። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል፤ ዳኛ ፊት ለመናገር ግን አልተማመንበትም። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

ድረ ገጹ ላይ የሚከፈል ያጡት ሲስተሙ ተበላሽቶ አይደለም፤ የተሰጠዎት ወረቀት ተከፍሎ የሚያልቅ ዓይነት ስላልሆነ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ 46.2-862 ማለት በፍጥነት ምክንያት የሚመጣ «ሬክለስ ድራይቪንግ» (በግዴለሽነት ማሽከርከር) ነው። ተራ ስፒዲንግ (ከፍጥነት ገደብ ማለፍ) የትራፊክ ደንብ መተላለፍ ሲሆን፣ ሬክለስ ግን ክላስ 1 ሚስዲሚነር የሚባል ወንጀል ነው። ሕጉ የሚፈቅደው ጣሪያ እስከ 12 ወር እስራት፣ እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት እና እስከ 6 ወር የመንጃ ፈቃድ እገዳ ነው። በዚያ ላይ 6 የቅጣት ነጥብ አለ፤ ፍርዱም ዲኤምቪ (የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት) መዝገብዎ ላይ 11 ዓመት ይቆያል።

ይህን የምጽፈው ላስደነግጥዎት አይደለም። ንጹሕ መዝገብ ያለው ሰው በ76 ማይል ፍጥነት ወደ እስር ቤት መላኩ የተለመደ አይደለም፤ የእስር ነገር በተግባር የሚነሳው ፍጥነቱ ከ90 ሲያልፍ፣ አደጋ ሲኖርበት ወይም መዝገቡ የቆሸሸ ሲሆን ነው። የእርስዎ ትልቁ አደጋ ያለው እንጀራዎ ላይ ነው። የቨርጂኒያ ሕግ እንደ ኡበርና ሊፍት ያሉ ድርጅቶች ባለፉት 3 ዓመታት ውስጥ በሬክለስ ድራይቪንግ የተፈረደበትን ሰው እንዳያሠሩ ይከለክላል። ተራ ስፒዲንግ ግን አንድ ብቻ ከሆነ በዚያ ሕግ ከሥራ አያስወጣም፤ ገደቡ በ3 ዓመት ውስጥ ከ3 በላይ የማሽከርከር ጥፋት ነው። ስለዚህ ዋናው ግብዎ የገንዘብ ቅጣቱን ማሳነስ ሳይሆን «ሬክለስ» የሚለውን ቃል ከመዝገብዎ ማስቀረት መሆን አለበት። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ለዚህ የሚያገለግል ነው።

ቁጥሩን እንመልከተው። ሕጉ ሬክለስ የሚለው ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ የበለጠን፣ ወይም የመንገዱ ገደብ ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል በላይ የነዳን ነው። (የቆየ ምክር 80 ይል ይሆናል፤ ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ 85 ሆኗል።) በ55 መንገድ ላይ 75 ራሱ ሬክለስ ነው፤ 74 ግን ተራ ስፒዲንግ ነው። እርስዎን ከወንጀል የሚለይዎት 2 ማይል ብቻ ነው ማለት ነው። ይህ ጥሩ ዜና ነው። ክሱ ከመስመሩ ብዙም ስላልራቀ ዝቅ እንዲል ለመጠየቅ አሳማኝ ነው፤ ዳኞችም ፖሊሶችም እንዲህ ያለውን ጥያቄ በየዕለቱ ይሰሙታል።

አሁን ወረቀቱን በእጅዎ ይያዙና ያንብቡት። የሕጉ ቁጥር በአንድ ሳጥን፣ የክሱ መግለጫ ደግሞ ከጎኑ አለ። ፍርድ ቤቱ፣ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፈዋል። ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ መጨረስ የሚቻለው ይህ ሳጥን ምልክት ከተደረገበት ብቻ ነው የሚል መስመርም ያገኛሉ፤ በእርስዎ ወረቀት ላይ ያ ሳጥን ባዶ መሆን አለበት። የፈረሙት ፊርማ ጥፋተኛ ነኝ ማለት አይደለም፣ በቀጠሮው ቀን እቀርባለሁ ማለት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ነድቶ የለመደ ሰው፣ ፖሊሱ መንጃ ፈቃዱን ካልያዘበት ነገሩ ቀላል ይመስለዋል። እዚህ ትሩፐሩ መንጃ ፈቃድዎን መልሶ በትሕትና ይሸኝዎታል፤ የሰጠዎት ግን የወንጀል ክስ መጥሪያ ነው። በተራ ስፒዲንግ ቀጠሮ የቀረ ሰው በሌለበት ይፈረድበትና ቅጣቱ በፖስታ ይደርሰዋል። በሬክለስ ከቀሩ ግን ዳኛው የመያዣ ትእዛዝ ሊያወጣብዎት ይችላል፤ አለመቅረብ ራሱም ሌላ ወንጀል ሆኖ ይከሰሱበታል።

ከዛሬ ጀምሮ እስከ ቀጠሮው ቀን ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር አለ። ውጤቱን የሚወስነው በአብዛኛው ይህ ጊዜ እንጂ ዳኛው ፊት የሚቆሙባቸው ጥቂት ደቂቃዎች አይደሉም።

መጀመሪያ አስተርጓሚ ይጠይቁ። በቨርጂኒያ በወንጀልና በትራፊክ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ የሚያቀርበው በነፃ ነው፤ እርስዎ አይከፍሉም። ወረቀቱ ላይ ለተጻፈው ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ክለርክ ቢሮ (የፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት) ደውለው ወይም በአካል ሄደው ስምዎን፣ የቀጠሮ ቀንዎንና «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» እንደሚፈልጉ ይንገሩ። ይህን ለመጨረሻው ሳምንት አይተዉት። የስፓኒሽ አስተርጓሚ በየቀኑ ፍርድ ቤት ውስጥ ይገኛል፤ የአማርኛ ግን ተፈልጎና ተይዞ ነው የሚመጣው፤ ካልተገኘ ጉዳይዎ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። እንግሊዝኛዬ ይበቃል ብለው አይድፈሩ። ታክሲ ውስጥ ተሳፋሪ ማነጋገር ሌላ፣ «ኖሎ ኮንቴንደሬ» (አልከራከርም) የሚል ቃል ሲወረወርልዎት ምን እንደተጠየቁ ማወቅ ሌላ ነው። ጓደኛን ለማስተርጎም ይዞ መሄድም አይበጅም፤ ዳኛው አይቀበለውም፣ ቢቀበለውም ጓደኛዎ «ትንሽ ነው የፈጠነው» ብሎ ሳያስበው ጥፋቱን ያምንብዎታል።

ሁለተኛ የመንጃ መዝገብዎን ከዲኤምቪ ያውጡ። በኢንተርኔት ወዲያው ይወጣል፣ ዋጋውም ከ10 ዶላር በታች ነው። ቨርጂኒያ ነጥብ የምትቆጥረው በሁለት አቅጣጫ ነው፤ ያለ ጥፋትና ያለ እገዳ ለተነዳ እያንዳንዱ ሙሉ ዓመት አንድ የመልካም ነጂነት ነጥብ ይጨመራል፣ እስከ 5 ድረስ። መዝገብዎ ላይ «+5» የሚል ካለ ያ ወረቀት ከማንኛውም ንግግር ይልቅ ይናገርልዎታል። በሁለት ኮፒ ያትሙት።

ሦስተኛ የ8 ሰዓቱን የድራይቨር ኢምፕሩቭመንት ክሊኒክ (የነጂዎች ማሻሻያ ትምህርት) ሳይታዘዙ በራስዎ ፈቃድ ይጨርሱ። በዲኤምቪ ፈቃድ የተሰጠው መሆኑን ያረጋግጡ። በፈቃደኝነት ሲወስዱት 5 የመልካም ነጂነት ነጥብ ያገኛሉ፣ በ24 ወር አንድ ጊዜ ብቻ። ከነጥቡ በላይ ግን፣ ቀጠሮው ሳይደርስ የምስክር ወረቀቱን ይዞ የመጣ ሰው ጉዳዩን የምር እንደወሰደው ዳኛው በዓይኑ ያያል።

አራተኛው የፍጥነት መለኪያ ምርመራ ነው፤ ይህን ረዘም አድርጌ ላስረዳ፣ ብዙ ሰው በከንቱ ገንዘብ ያወጣበታልና። በቨርጂኒያ ሕግ በፍጥነት የተከሰሰ ሰው የመኪናውን ስፒዶሜትር አስመርምሮ በቃለ መሐላ የተደገፈ ውጤት ቢያቀርብ፣ ፍርድ ቤቱ ማስረጃውን መቀበል አለበት፤ ጥፋተኝነቱን ሲወስንም ቅጣቱን ሲመዝንም ያየዋል። የሚጠቅምዎት ግን ስፒዶሜትሩ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ የሚያሳይ ከሆነ ነው። ለምሳሌ መኪናው በእውነት 76 ሲሄድ ስፒዶሜትሩ 73 ካሳየ፣ እርስዎ በቅንነት የሚነዱት 18 ማይል ብቻ አልፈው እንደሆነ ይመስልዎት ነበር፤ 18 ደግሞ ከ20 በታች ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጋጥመው ከፋብሪካው ልክ የሚበልጥ ጎማ በተገጠመላቸው መኪኖች ላይ ነው፤ ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ስለሚሄድ ስፒዶሜትሩ ወደ ኋላ ይቀራል። ጎማው ኦሪጅናል ልኩ ከሆነ ግን አብዛኞቹ ስፒዶሜትሮች ትክክል ያሳያሉ፣ ወይም ትንሽ አብዝተው ያሳያሉ። አብዝቶ ማሳየቱ አይጠቅምዎትም፤ ያን ወረቀት የማቅረብ ግዴታም የለብዎትም። በአጭሩ፣ ጎማዎ ከተቀየረ ያስመርምሩ። ካልተቀየረ ጥቅሙ የማያስተማምን መሆኑን አውቀው ይወስኑ። ካስመረመሩ መርማሪው በመሐላ የፈረመበት ኖተራይዝድ (በኖተሪ የተረጋገጠ) ወረቀት ይቀበሉ፤ ተራ የጋራዥ ደረሰኝ ዋጋ የለውም።

አሁን ጠበቃ ልያዝ ወይስ አልያዝ? ለተራ ስፒዲንግ ብዙ ሰው ያለ ጠበቃ ይጨርሳል፣ ምንም ስሕተት የለውም። በእርስዎ ሁኔታ ግን፣ ሥራዎ በአንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ እያለ፣ በዚያው ፍርድ ቤት ዘወትር የሚቆም የትራፊክ ጠበቃ መያዝ ገንዘቡ የሚያስቆጭ አይመስለኝም። ዋጋው ከጥቂት መቶ ዶላር ጀምሮ ከሺህ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ሁለት ሦስቱን ያነጋግሩና በአንድ ጊዜ የሚከፈል ቁርጥ ዋጋ ይጠይቁ። ይግባኝ ቢኖር ዋጋው ውስጥ መካተት አለመካተቱንም ይጠይቁ። «አስፈታሃለሁ» ብሎ ውጤቱን ቃል የሚገባልዎትን ይተዉት፤ ትክክለኛ ጠበቃ ውጤት ላይ ቃል አይገባም። አቅም ከሌለዎትና እስር የሚያስከትል ክስ ከሆነ ፍርድ ቤቱ የመንግሥት ጠበቃ ሊመድብልዎት ይችላል፤ ነገር ግን ዳኛው በዚህ ጉዳይ እስር አልፈርድም ብሎ አስቀድሞ ካስመዘገበ ያ መብት ይቀራል።

የቀጠሮው ቀን። ከሰዓቱ 45 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ፤ የፍተሻ ሰልፍ አለ። አንዳንድ የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች ስልክ ጭራሽ አያስገቡም፤ ስለዚህ ማስረጃዎ ሁሉ በወረቀት ይሁን፤ ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶ የለዎትም ብለው ያስቡ። ስክሪኑ ላይ ስምዎንና የችሎት ቁጥሩን ፈልገው ይግቡ።

ችሎቱ ከመጀመሩ በፊት ትሩፐሩ ኮሪደር ላይ ወይም ችሎቱ ውስጥ ይኖራል። በአንዳንድ ካውንቲዎች ዓቃቤ ሕግ እነዚህን ጉዳዮች ራሱ ይይዛል፣ በሌሎች ደግሞ ዳኛው ፊት የሚቆመው ፖሊሱ ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ ችሎቱ ውስጥ ያለውን ሠራተኛ ይጠይቁ። ከዚያ በትሕትና ቀርበው መዝገብዎንና የክሊኒኩን ወረቀት ያሳዩ፤ ክሱ ወደ ተራ ስፒዲንግ ዝቅ ቢል ይቃወም እንደሆነ ብቻ ይጠይቁ። ስለ ዕለቱ ፍጥነት አይከራከሩ። «72 ነበር እንጂ 76 አልነበረም» ያሉት ቃል ከአሥር ደቂቃ በኋላ በምስክርነት ሊነገርብዎት ይችላል። «ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚነዳው» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ የሰው ጆሮ እንደ ምክንያት ይሰማዋል፣ የሕግ ጆሮ ግን ጥፋትን እንደ ማመን ነው የሚሰማው።

ስምዎ ሲጠራ «አይ ሪክዌስት አን አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ዩር ኦነር» ይበሉ፤ አስተርጓሚው አጠገብዎ ሳይቆም አንድም ጥያቄ አይመልሱ። ዳኛው ክሱን አንብቦ መልስዎን ይጠይቃል። ሦስት አማራጭ አለ፤ ጥፋተኛ ነኝ፣ ጥፋተኛ አይደለሁም፣ ወይም አልከራከርም። ክሱ ዝቅ እንዲል አስቀድመው ከተስማሙ፣ በተራው ስፒዲንግ ላይ ጥፋተኛ ነኝ ወይም አልከራከርም ይላሉ። ካልተስማሙ «ናት ጊልቲ» ይበሉ። በዋናው ክስ «ጥፋተኛ ነኝ፣ ግን ምክንያት አለኝ» ማለት አንዱ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ዳኛው መጀመሪያ የሚመዘግበው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው።

ጥፋተኛ አይደለሁም ካሉ ቀድሞ የሚመሰክረው ትሩፐሩ ነው። ፍጥነቱን በራዳር ወይም በሌዘር ከለካ፣ መሣሪያው የተፈተሸበትን የምስክር ወረቀት ማቅረብ አለበት፤ ፍተሻው ደግሞ ከ6 ወር ያልበለጠ መሆን አለበት። ወረቀቱን ለማየት የመጠየቅ መብት አለዎት። ቀኑን፣ የመሣሪያውን ተከታታይ ቁጥርና ትሩፐሩ በምስክርነቱ የጠራው መሣሪያ ያው መሆኑን ያስተያዩ። አብዛኛው ጊዜ ወረቀቱ የተሟላ ነው፤ ሳይሟላ ሲቀር ግን ክሱ ሊወድቅ ይችላል፣ ሳይጠይቁ ደግሞ ማንም አያነሳልዎትም። ከዚያ በኋላ እርስዎ ሊናገሩ ይችላሉ፤ ግዴታ ግን የለብዎትም።

በማኅበራችን የሚነገሩ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አይመኑባቸው። አንደኛው «ወረቀቱ ላይ ስሜ ተሳስቷል፣ የመኪናዬ ቀለም ተሳስቷል፣ ስለዚህ ክሱ ይዘጋል» የሚለው ነው። እንዲህ ያለውን ግድፈት ዳኛው እዚያው ያስተካክለዋል። ሁለተኛው «ፖሊሱ ካልመጣ ነፃ ነኝ» ነው። አንዳንዴ ይሆናል፤ ትሩፐሩ በቂ ምክንያት ካለው ግን ቀጠሮው ይዛወራል እንጂ ክሱ አይዘጋም። እሱ ይቀራል ብሎ ሳይዘጋጁ መሄድ ቁማር ነው።

ውጤቱ ከሚከተሉት አንዱ ይሆናል። ክሱ ወደ ተራ ስፒዲንግ ከወረደ ወንጀል መሆኑ ይቀራል። ቅጣቱ ከ250 ዶላር አይበልጥም፣ የፍርድ ቤት ወጪ ግን ይጨመርበታል፤ ከ10 እስከ 19 ማይል ለበለጠ 4 ነጥብ፣ ከዚያ ላነሰ 3 ነጥብ ይያዛል፤ መዝገብ ላይ 5 ዓመት ይቆያል። ሌላው «ኢምፕሮፐር ድራይቪንግ» (ተገቢ ያልሆነ አነዳድ) የሚባለው ነው። ዳኛው ጥፋቱ ቀላል ነው ብሎ ሲያምን ሬክለሱን ወደዚህ ሊያወርደው ይችላል፤ 3 ነጥብና እስከ 500 ዶላር ቅጣት አለው፣ ወንጀል ግን አይደለም። አንዳንድ ዳኞች ደግሞ ፍርዱን አቆይተው ክሊኒክ ከላኩ በኋላ ጉዳዩን ያቀሉታል። ዳኛው የወሰነውን ክለርኩ በትክክል መመዝገቡን ሳያረጋግጡ አይርጉ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ በቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ ላይ ስምዎን ፈልገው የተሻሻለው የሕግ ቁጥር መግባቱን ይዩ። አሁንም 46.2-862 የሚል ካዩ ወዲያውኑ ክለርክ ቢሮ ይሂዱ፤ ኡበር የጀርባ ምርመራ ሲያደርግ የሚያነበው ያንን ነው።

በሬክለስ ቢፈረድብዎት ጨዋታው አላለቀም። ከፍርዱ ቀን ጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ሰርኪዩት ኮርት (ከፍ ያለው ፍርድ ቤት) ይግባኝ ማለት ይችላሉ፤ ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራሉ። እዚያ ጉዳዩ ከሥር እንደ አዲስ ይታያል፤ የመጀመሪያው ፍርድ እንደሌለ ይቆጠራል። ይግባኙ የሚገባው ለዚያው ለጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ክለርክ ነው። ቅጣቱን በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻሉ በየወሩ የመክፈያ ዝግጅት ይጠይቁ። ቅጣት ባለመክፈል ብቻ መንጃ ፈቃድ ማገድ በቨርጂኒያ ከ2020 ወዲህ ቀርቷል፤ ዕዳው ግን ወለድ እየጨመረ ወደ አስከፋይ ይተላለፋል።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ሁለት ነገር ልጨምር። ሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያላችሁ የጭነት መኪና ነጂዎች፣ «ክሊኒክ ወስጄ አስቀርታለሁ» የሚለው መንገድ ለእናንተ ዝግ ነው። የፌዴራል ሕግ ፍርድ ቤቶች የሲዲኤል ባለቤትን ጥፋት እንዳይሸፍኑ ይከለክላል፤ በግል መኪናችሁ ላይ ብትሆኑም እንኳ። በጭነት መኪና ላይ ሆናችሁ 15 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ ከባድ ጥፋት ተብሎ ይቆጠራል፤ በ3 ዓመት ውስጥ ሁለት ከሆነ ለ60 ቀን፣ ሦስት ከሆነ ለ120 ቀን ሲዲኤል ይታገዳል። ከሜሪላንድ ወይም ከዲሲ መንጃ ፈቃድ ይዛችሁ ቨርጂኒያ ውስጥ የተያዛችሁም፣ ፍርዱ ወደ ቤታችሁ ዲኤምቪ ይላካልና «የሌላ ስቴት ነው» ብላችሁ አትናቁት።

ጠያቂያችን ዜጋ ካልሆኑ ደግሞ፣ ጥፋተኛ ነኝ ከማለትዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አንድ ጊዜ ያማክሩ፤ ለዜግነት በሚያመለክቱበት ጊዜም ይህን ክስ አይደብቁ። ጉዳዩ እንዳለቀ፣ በምንም ይለቅ፣ ክለርክ ቢሮ ሄደው ማኅተም ያለበት «ሰርቲፋይድ ዲስፖዚሽን» (የጉዳዩን ውጤት የሚያረጋግጥ ወረቀት) ያስወጡ። ሁለት ኮፒ ይበቃል። የጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ፋይሎች ከ10 ዓመት በኋላ ይወገዳሉ፤ ኢሚግሬሽን ወይም አሠሪ ወረቀቱን ሲጠይቅዎት ፍርድ ቤቱ «የለንም» ሊልዎት ይችላል፤ ያን ጊዜ ያለው ኮፒ በእርስዎ እጅ ያለው ብቻ ይሆናል።